ባልሽ ኩላሊት ሲጠብቅ

ስሚኝ እህት ዓለም። «ባሌ ኩላሊት እየጠበቀ ነው» ስትዪ ሰሚው ሁሉ ስልክ የምትጠብቂ ይመስለዋል፤ ሌሊት ይደወልና «ተገኝቷል፣ ቶሎ ኑ» የሚባል። ውጭ አገር እንዲያ የሚሆንበት አለ፤ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ተራው ለደረሰ በሽተኛ ይሰጣል። እኛ አገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ንቅለ ተከላውን ሲጀምር በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው የጀመረው። እናም የባልሽ ተራ የተጻፈበት መዝገብ አዲስ አበባ የለም፤ ያለው እዚሁ ጅጋ፣ ማንኩሳና ደምበጫ በተበተነው ቤተ ዘመዱ መካከል ነው። ከሐኪሙ ቀጥሎ ትልቁ ሥራ አንቺ ላይ የወደቀውም ለዚህ ነው። በእኛም ቤት ስላለፈ የማውቀውን ልንገርሽ። ዝም ማለት እንደማልችልበት ደግሞ ታውቂያለሽ።

ከሁሉ በፊት ባልሽን አታስለምኚው። ወንድምን «ኩላሊትህን ስጠኝ» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ለማንም ይከብዳል፤ ለጎጃም ወንድማ ሞቱ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፍልተሽ ቤተ ዘመዱን ጥሪ። ነርስ ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ እሱም ይገኝ። ያለውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ንገሪያቸውና ከዚያ አፍሽን ያዢ። በየቤቱ እየዞርሽ፣ ገበያ ላይ እጅ እየያዝሽ «እባክህ» አትበዪ። ሽማግሌም እንዳትልኪ! ሽማግሌ ለዕርቅና ለጋብቻ ነው የሚላከው። ለኩላሊት ከላክሽ እንቢ ያለው ሰው በአገሩ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል፣ እሺ ያለውም ቂም ይዞ ይሰጣል። የሚሰጥ ሰው በራሱ እግር ይመጣል፤ አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከማትጠብቂው ቤት።

ምን ትነግሪያቸዋለሽ? የደም ዓይነት መግጠም እንዳለበት። ኦ የሆነ ለሁሉም ይሰጣል፣ ኤቢ የሆነ ከሁሉም ይቀበላል፣ ኤ ለኤና ለኤቢ፣ ቢ ለቢና ለኤቢ ይሆናል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚሉት ግን ለኩላሊት ለውጥ የለውም፤ በእሱ ምክንያት «እኔማ አልሆንም» ብሎ የተቀመጠ ዘመድ ካለ መልሰሽ ጥሪው። ቀጥሎ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ይመጣል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመገጣጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፣ በግማሽ የመገጣጠም ከአራት ሁለት። ግማሹም ይበቃል፤ አባትና እናትም ለልጃቸው ግማሽ ናቸው። በመጨረሻ የሁለቱ ደም አንድ ላይ ተደርጎ የባልሽ ደም የሰጪውን ይዋጋ እንደሆነ ይታያል። ይህን ሁሉ ለማለፍ ከአንድ በላይ ፈቃደኛ ቢኖር ይሻላልና አንድ ሰው እሺ አለ ብለሽ እልል አትበዪ።

አማትሽ ታለቅሳለች፣ ተዘጋጂ። «አንዱ ታመመብኝ፣ ሌላውንም ልታሳጡኝ ነው?» ብትል አትቆጪያት፣ እናት ናት። ንቅለ ተከላው የተሳካላቸውን የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ታሪክ ንገሪያት። በፈረንጆች ታኅሣሥ 1954 ቦስተን ከተማ ውስጥ ሮናልድ ሄሪክ የሚባል ወጣት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ አንድ ኩላሊቱን ሰጠ። ቀዶ ጥገናውን የመራው ዶክተር ጆሴፍ መሪ በኋላ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሪቻርድ ሆስፒታል ውስጥ ያስታመመችውን ነርስ አገባ (በሽታ ለሠርግ ሲያበቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?)፣ ስምንት ዓመትም ኖረ። ሰጪው ሮናልድ ግን በአንድ ኩላሊት የሒሳብ መምህር ሆኖ ሠርቶ እስከ 2010 ድረስ ኖሯል፤ 56 ዓመት ማለት ነው። እውነቱንም ግን አትደብቂያት፤ ቀዶ ጥገና ቀዶ ጥገና ነው። በአሜሪካ በተያዘ መዝገብ ከ10,000 ሰጪዎች መካከል ከቀዶ ጥገናው ጋር ተያይዞ የሞቱት 3 ያህል ነበሩ። የሰጠ ሰው ዕድሜ ልኩን በየጊዜው ግፊቱንና ሽንቱን መታየት አለበት። ይህን ሳትነግሪው የሰጠሽን ሰው አታለልሽው ማለት ነው።

የባልሽ ወንድም ገበሬ ከሆነ የልቡ ጥያቄ ሞት አይደለም፤ «እርሻዬን ማን ያርስልኛል?» ነው፣ ግን አፍሮ አይናገረውም። አንቺ ቀድመሽ አንሺለት። ሰጪ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያነሳም፤ እርፍ መጨበጥ፣ ጆንያ መሸከም የለም። እንግዲያው የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ከተመቸ በቆሎው ተሰብስቦ በርበሬው ከተሸጠ በኋላ፣ ዋናው የእርሻ ወራት ሳይገባ እንዲሆን ጠይቁ። ካልተመቸም ወንፈሉንና ደቦውን ከአሁኑ አሰናጂ፤ ማን በስንተኛው ሳምንት እንደሚያርስለት በስም ይታወቅ። የሰጪው ማሳ ጦም ቢያድር ሰፈሩ ሁሉ ይታዘባችኋል፣ ልክም ነው። የመሳፈሪያውን፣ የማደሪያውንና የቀረበትን ሥራ መሸፈን ኩላሊት መግዛት አይባልም፤ ያለ ሐፍረት ሸፍኑለት።

ደግሞ ይቺን በደንብ ያዢልኝ። ሐኪሞቹ ሰጪውን ለብቻው ያነጋግሩታል፣ ማንም ሳያስገድደው መምጣቱን ለማወቅ። እዚያ ሲደርስ ልቡ ቢከዳው በብዙ ቦታ ለቤተሰቡ የሚነገረው «አይሆንም» የሚል ቃል ብቻ ነው፣ ምክንያቱ አይዘረዘርም። ስለዚህ «አልገጠመም አሉኝ» ብሎ የተመለሰን ሰው «እስኪ ወረቀቱን አሳየኝ» እንዳትዪው። ሳይገጥም ቀርቶም ፈርቶም ቢሆን ለአንቺ አንድ ነው። እጁን ታጥቦ ይብላ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ነገ በሬ የሚያውሳችሁ እሱ ነው።

አንቺስ? እንደምታስቢው አውቃለሁ፤ ፊትሽ ላይ ይነበባል። ሚስት ለባሏ መስጠት በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ እንዲያውም በዓለም ላይ በሕይወት እያሉ ኩላሊት ከሚሰጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ለእኔ ይህ ደግነት ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ ሴት «እንቢ» ማለት ስላልለመደችም ጭምር ነው። እና የኔ እናት፣ መስጠት ከፈለግሽ ፈልገሽ ይሁን። የንቅለ ተከላ ማዕከሉ የትዳር ዝምድናን እንዴት እንደሚያየው ጠይቂ፣ የጋብቻ ማስረጃሽን ያዢ። ገና የመውለድ ሐሳብ ካለሽ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ከሰጡ በኋላ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ዕድሉ ይጨምራል። ደግሞ ሁለታችሁ በአንድ ሳምንት አልጋ ስትይዙ ልጆቹን ማን እንደሚያበላ ሳታውቂ እሺ አትበዪ። መስጠት ባትችዪ ወይም ባትፈልጊ ደግሞ ሚስትነትሽ አይጎድልም፤ የሚቀጥለውን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።

ደላላ ይመጣል። በስልክ ይሁን በሰው፣ «ሰጪ አለኝ፣ ገንዘብ ካላችሁ» ይላችኋል። በሩን ዝጊበት። ኩላሊት መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው፣ ገንዘባችሁን ይዞ መጥፋቱም ያለ ነገር ነው። ሕንድ ሄደው የሚያሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ያም ቢሆን ዘመድ ይዞ ነው። የሕንድ ሕግ ከውጭ የመጡ ሰጪና ተቀባይ ዝምድናቸውን በኤምባሲያቸው እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ፦ በመጀመሪያው ድንጋጤ በሬዎቹንም ቤቱንም አትሽጡ። መሬቱን በእኩል ስጡ፣ በሬዎቹን አቆዩ፣ ዕድሩንና ማኅበሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የጤና መድን ደብተሩ የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላን ይሸፍን እንደሆነ ከወረዳው ጠይቂ እንጂ ይሸፍናል ብለሽ አትዘናጊ። ሰው ያዋጣላችሁን ብር በደብተር ጻፊ፤ ከማን፣ ስንት፣ ለምን ወጣ። ሐሜት በደብተር ፊት አፍ የለውም።

አሁን ወደ እጥበቱ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው። ከጅጋ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት እየተመላለሱ ይህን መቻል ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እጥበቱ ያለበት ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ፤ ወጪው ከመሳፈሪያው አይብስም፣ ሰውዬውም በየመናኸሪያው አያልቅም። መንገድ እንደሚዘጋ እኔ ላንቺ አልነግርሽም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ። ለዚያ ቀን ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ፦ «እጥበት ቢያመልጠው ምን ልከልክለው? ወዴት ልውሰደው? ምን ምልክት ሳይ ልሩጥ?» መልሱን ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ እግሩ ከከዳው፣ ልቡ ከተዛባ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሩጪ።

ክንዱ ላይ ለእጥበቱ የሠሩለት የደም ሥር መገናኛ፣ ፊስቱላ የሚሉት፣ ሕይወቱ ነው። በዚያ እጁ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይሸከምም፣ ተንተርሶትም አይተኛም። በየጠዋቱ ጣትሽን አሳርፊበት፤ እርግብግብ ሲል ይሰማሻል። ያ ከጠፋ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር። አንገቱ ላይ የእጥበት ቱቦ ካለው ደግሞ ውኃ አይነካውም።

ይህም ከጠበል ጋር ያጋጨኛል፤ ሰይጣን ነሽ አትበዪኝ። ጠበል ይሂድ፣ ይጸበል፣ እኔም እጸልያለሁ። ግን የአንገቱ ቱቦ ከራሰ ኢንፌክሽኑ ቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ካህኑ እግሩንና እጁን ያርከፍክፉለት። የሚጠጣው ጠበልም ከዕለቱ ውኃ ላይ ይቆጠራል፤ ጆግ ሙሉ የለም፣ ፉት ይበል። እጥበት አቁሞ ሱባኤ መግባት ግን እኔ እያለሁ አይሆንም! ጾሙንም ለንስሐ አባቱ ንገሪ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ እንቁላልና ሥጋ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን በሽሮና በምስር ብቻ ቢከርም ይደክማል። የንስሐ አባት «ብላ» ሲሉት የሚበላው እንቁላል ሚስት ስትለምነው ከሚበላው ይበልጥ ይስማማዋል፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው።

ማጀቱ ያንቺ ነው፤ ሦስት ነገር ላይ ጨካኝ ሁኚ፦ ውኃ፣ ጨውና ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን። ውኃው በቀን ስንት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል፤ ሽንቱ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ቡናው፣ ሾርባው፣ የወጡ መረቅ፣ ጠላውም ሁሉ ውኃ ነው። ጠዋት የዕለቱን በአንድ ጠርሙስ ስፈሪለት፤ ሌላ ነገር ሲጠጣ ከጠርሙሱ ያን ያህል ቀንሺ። ሚዛን ገዝተሽ በየጠዋቱ መዝኚው፤ አንድ ሊትር የጠጣና ያልሸና ሰው አንድ ኪሎ ይጨምራል፣ መካድ አይችልም። ሲጠማው የሎሚ ቁራጭ አፉ ውስጥ ይያዝ።

የጨው ነገር። እኛ የበርበሬ አገር ሰዎች ጨውን ከበርበሬው ጋር ነው የምናስፈጨው፤ ሽሮውም እንዲሁ። ከዚያ ወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለን። ለእሱ ጨው ያልገባበት በርበሬና ሽሮ ለብቻ አስፈጪ፤ እሱ ከለመደው ለመላው ቤት አድርጊው፣ ማናችሁም አትጎዱም። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ግን እንዳትነኪው፣ ፖታሲየም ነው። ያ ማዕድን ሲበዛ ልብን ያቆማል፣ ብዙም ሳያስጠነቅቅ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ባቄላና ምስር ሁሉ አለበት። ድንቹን ልጠሽ፣ በቀጭኑ ከትፈሽ፣ በብዙ ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ በአዲስ ውኃ ቀቅለሽ ውኃውን ድፊው። ጎመኑንም ቀቅለሽ ውኃውን ድፊ። እንጀራና ሩዝ ይብላ፣ እንቁላል ይብላ።

ጠያቂ ደግሞ ምን ይዞ ይመጣል? ሙዝና ብርቱካን! ሳቂ፣ ሳቂ። ተቀብለሽ፣ መርቀሽ፣ ለልጆች ስጪ። ቅርብ ለሆነው ሰው «እንቁላል አምጣልን» በይው፣ ደስ ይለዋል። ከእጥበት ሲመለስ ግን በሩ ላይ ቆመሽ መልሺያቸው፤ በዚያ ቀን ሰውነቱ ዝሏል፣ የማንንም የአጎት ልጅ በሽታ ታሪክ መስማት አይችልም። ቅጠልና ሥር ይዛ የመጣችውን አክስት መድኃኒቷን ተቀበያትና አስቀምጪው፤ አንድም ነገር አይዋጥ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ፤ የቀረችውን ኩላሊት ይጨርሳሉ። ሌላም አለ፤ ደም አነሰው ሲባል ቤተሰቡ «ደም ይሰጠው» እያለ ይሯሯጣል። የግድ ካልሆነ በቀር፣ ደም በተሰጠው ቁጥር ሰውነቱ የሌላን ሰው ሥጋ መዋጋት ይለምዳልና ሰጪ ማግኘቱን ያከብደዋል። ደም የሚያመርት መርፌ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

ስለ መኝታ ላውራ? አትሽኮርመሚ፣ ማን አለ እዚህ። ኩላሊቱ የደከመ ወንድ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ብዙዎቹም ጭራሽ ይሳናቸዋል። አስጠልቼው ነው አትበዪ፣ ሌላ አየ ብለሽም አትጠርጥሪ። ለሐኪሙ ይናገር፣ እሱ ካፈረ አንቺ ተናገሪ። ይነጫነጫልም፤ «ተዪኝ ልሙት» ይልሻል። አንዳንዱ ድካም ነው፣ ያልፋል። ሲደጋግመው ግን፣ እንቅልፍም ምግብም ሲተው፣ የአእምሮ ሐኪም ማየት የእብድ ነገር አይደለም። ማድረግ የሚችለውን ሥራ አትቀሚው፤ የልጆቹን ደብተር ይይ፣ የእህሉን ሒሳብ ይያዝ። ማዘዝ ከቻለም ይዘዝ፤ አንቺ እንደሆነ ካሻሽ ትሰሚዋለሽ ካላሻሽ አትሰሚውም፣ እንደ ድሮው።

ራስሽን አትርሺ ብልሽ እሺ ብለሽ እንደምትረሺ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አዝሻለሁ፦ በሳምንት አንድ የእጥበት ቀን ሌላ ሰው ይውሰደው። ከቤተ ዘመዱ ኩላሊት መስጠት ያልሆነለት ሁሉ አንድ ቀን መስጠት ይችላል፤ እንዲያውም እንደዚያ ብለሽ ስትጠይቂው ይገላገላል። አንቺ በዚያ ቀን ተኚ። ግፊትሽንም ተለኪ።

ቀጠሮው ሲቃረብ ጥርሱን ይታይ፣ የጉበት በሽታ ክትባቱን ይጨርስ፣ ማጨስ ካለበትም ይተው። አዲሱ ኩላሊት የሚገባው ከሆዱ በታች በኩል ነው፤ የድሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም፣ እዚያው ይቀመጣሉ። አማትሽ «ሦስት ኩላሊት ያለው ልጅ ወለድኩ» ትበል። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ ታክሮሊመስና ሌሎቹን መድኃኒቶች ዕድሜ ልኩን ይውጣል፤ ታክሮሊመሱ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ አይዛነፍም። ስልክሽንም ስልኩንም በደወል ሙሉ፤ ቢያንስ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ትርፍ ይኑራችሁ፣ መንገድ አይታመንምና። ደህና ሆኛለሁ ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ኩላሊቱን ያጣል፤ ወንድሙም ሌላ የሚሰጠው የለውም። መድኃኒቶቹ በሽታ የመከላከል አቅሙን ስለሚቀንሱት የመጀመሪያዎቹ ወራት ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት አይሄድም። ያልፈላ ወተት የለም፣ ጥሬ ሥጋም የለም። በፋሲካ «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል» ብሎ ቢላዋ ይዞ የሚከራከርሽ ከሆነ ጠቡ ከእኔ ጋር ይሁን፤ ወደኔ ላኪው።